ደም ሥሩ «ንጹህ ነው» ተብሎ ደረት ሲያም፦ የኢንዶቴሊየም ጠቋሚዎችን ከደም ምርመራ የማንበቢያ መመሪያ

አንዲት የ50 ዓመት ሴት እናስብ። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጭምቅ ያደርጋታል። ትንሽ ስታርፍ ይለቃታል። አንጂዮግራም ተሠራላት፤ ቀለም ተረጭቶ የልብ ደም ሥሮች በኤክስሬይ የሚታዩበት ምርመራ ነው። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «የልብሽ ደም ሥሮች ክፍት ናቸው፣ ስቴንት የሚያስፈልገው ጥበት የለም» አላት። እፎይ ብላ ወጣች። በሳምንቱ ደረጃ ስትወጣ ያው ሕመም ተመለሰ።

ብርቅ ታሪክ አይደለም። ደረታቸውን አሟቸው አንጂዮግራም ከሚሠራላቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ደም የሚያግድ ጥበት አይገኝባቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ ይበዛሉ። ብዙዎቹ «ጭንቀት ነው» ተብለው ይሸኛሉ። የአንዳንዶቹ ሕመም እውነትም ከልብ አይደለም። የሌሎቹ ግን የለየለት የደም ፍሰት ችግር ነው። አንጂዮግራሙ የማያየው ቦታ ላይ ተደብቋል።

አንጂዮግራም ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ደም ሥሮችን ለይቶ አያሳይም። ወደ ልብ ጡንቻ የሚገባውን ደም የሚመጥኑት ደግሞ እነዚያው ቀጫጭኖቹ ናቸው። ልብ አርፎ ሳለ በደቂቃ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ደም ለራሱ ይወስዳል። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ይህ መጠን 4 እና 5 እጥፍ ሊያድግ ይገባል። ያኔ «ተከፈቱ» ብለው ከሚያዙት ዋነኛው ኢንዶቴሊየም ነው። ኢንዶቴሊየም የደም ሥርን የውስጥ ገጽ የሸፈነ፣ ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ የሆነ ስስ ሽፋን ነው። እሱ ሲዳከም ደም ሥሩ ሳይዘጋ ልብ ደም ያጥረዋል።

ታዲያ ሰው ኢንተርኔት ይከፍታል። ኢንዶቴሊን፣ ኤዲኤምኤ፣ ሆሞሲስቴይን፣ ቪካም የሚሉ ስሞች ይዘረገፉበታል። «እነዚህን ሁሉ ልመርመር» ብሎ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይህን መመሪያ ያጻፈኝ ይኸው ነው። ከነዚህ ምርመራዎች አንዳንዶቹ ዛሬውኑ ይጠቅማሉ። ሌሎቹ ለተመራማሪ እንጂ ለታካሚ ገና አልደረሱም። ሁሉንም በአንድ ላይ ማሠራት ብር መበተን ነው። እናም ተራ በተራ እንሂድ።

ደረጃ 1፦ ድንገተኛውን አስቀድሙ

ሕመሙ ስታርፉም ካልለቀቀ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቃችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ የሚሠሩት ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ትሮፖኒን ናቸው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ስለ ኢንዶቴሊየም አይናገርም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ሕመሙ ሲመጣና ሲሄድ ለቆየበት፣ አደጋው ለተጣራለት ሰው ነው።

ደረጃ 2፦ የአንጂዮግራም ሪፖርቱን ራሱን አንብቡ

«ንጹህ ነው» የሚለው የቃል መልስ አይበቃም። ወረቀቱን ጠይቁ። በተለይ «ዘገምተኛ ፍሰት» የሚል ነገር ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ይህ ከ1972 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች የሚታወቅ ችግር ነው። ደም ሥሩ ክፍት ነው፣ የተረጨው ቀለም ግን ጫፍ ለመድረስ ይንቀረፈፋል።

መንቀርፈፉ የሚለካው በቆጠራ ነው። ቀለሙ ከደም ሥሩ መነሻ እስከ ጫፍ ለመድረስ ስንት የፊልም ፍሬም ፈጀ? ቲሚ የፍሬም ቆጠራ የሚባለው ይህ ዘዴ በ1996 ቀረበ። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀረጽ፣ ጤነኛ የልብ ደም ሥር ወደ 21 ፍሬም አካባቢ ይፈጅበታል። በግራ በኩል በፊት የሚወርደው ደም ሥር ረጅም ስለሆነ የእሱ ቁጥር ለ1.7 ይካፈላል። ከ27 በላይ ከሆነ ፍሰቱ ዘገምተኛ ነው ይባላል። ካሜራው በሰከንድ 15 ፍሬም የሚቀርጽ ከሆነ ቁጥሩን በ2 ማባዛት እንዳይረሳ። ይህን ባለመጠየቅ ዘገምተኛው ፍሰት ጤነኛ መስሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከዚህ የጠለቁ ምርመራዎችም አሉ። በቀጭን ሽቦ የልብ ፍሰት ክምችት ይለካል። ይህ በመድኃኒት ሲነቃቃ ፍሰቱ በስንት እጥፍ እንደሚያድግ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከ2 በታች ከሆነ ችግር አለ፣ በ2 እና በ2.5 መካከል ያለው አጠራጣሪ ነው። የጥቃቅን ደም ሥሮች ተቃውሞ መለኪያም አለ። 25 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል።

የኢንዶቴሊየምን ሥራ ፊት ለፊት የሚፈትነው ግን ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊን ነው። ጤነኛ የልብ ደም ሥር ትንሽ አሴቲልኮሊን ሲሰጠው ይከፈታል። የታመመው በተቃራኒው ይኮማተራል። ይህ በሰው ልብ ላይ በ1986 ታይቷል። ደም ምርመራ ይህን ፈተና አይተካም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ደረጃ 3፦ ምን እየለካችሁ እንደሆነ ዕወቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሮበርት ፈርችጎት የተባለ ተመራማሪ የጥንቸል ደም ሥር እየቆረጠ ይሠራ ነበር። አሴቲልኮሊን ሲሰጠው ደም ሥሩ አንዳንዴ ይዝናናል፣ አንዳንዴ ይኮማተራል። ግራ ገባው። ኋላ ሲደርስበት ምክንያቱ የአያያዝ ነበር። ናሙናው ሲዘጋጅ የውስጥ ሽፋኑ የተፋቀው ይኮማተራል፣ ሽፋኑ የተረፈለት ይዝናናል። በ1980 ከረዳቱ ጋር አሳተመው። ሽፋኑ የሚያመነጨው ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ከዚያ በኋላ ተረጋገጠ። በ1998 ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮ እና ፈሪድ ሙራድ በዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። የሚገርመው፣ ሽልማቱን የመሠረተው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ የልብ ሕመምተኛ ነበር። ሐኪሞቹም ናይትሮግሊሰሪን አዘውለታል። ያ ያበለጸገው የዲናማይት ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚለቀው ይህንኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው።

ጋዙ በደም ውስጥ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይቆይም። ስለዚህ ቀድቶ መለካት አይሞከርም። የምንለካው አሻራውን ነው። የሚያግደውን፣ የሚቃወመውን፣ ወይም ሽፋኑ ሲጎዳ የሚራገፈውን። «ጠቋሚ» የምንለውም ለዚህ ነው። ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።

ደረጃ 4፦ በተራዎቹ ምርመራዎች ጀምሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመክረው ነው። ኢንዶቴሊየምን የሚያበላሹት ነገሮች በአብዛኛው በተራ ምርመራ ይገኛሉ። ሕክምናም አላቸው።

የ3 ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ አንዱ ነው። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ሕመም ነው፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ደግሞ መንገድ ላይ ያለ። ኮሌስትሮሉም ከነክፍፍሉ ይታይ፣ በተለይ «መጥፎው» የሚባለው ኤልዲኤል። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒንም ይታይ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ይገባችኋል። የደም ማነስም ይፈተሽ። ደም ያነሰው ሰው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ሊያመው ይችላል፣ ኢንዶቴሊየሙ ምንም ሳይሆን።

ከዚያ ጥቂቱን መጠን ሳይቀር የሚለየው፣ ከፍተኛ ትብነት ያለው ሲአርፒ (hs-CRP) አለ። ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው የብግነት ምልክት ነው። ተራው ሲአርፒ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። ለኢንፌክሽን የተሠራ ስለሆነ ዝቅተኛውን ቁጥር በደንብ አይለይም። ወረቀቱ ላይ የትኛው እንደታዘዘ አረጋግጡ። ከ1 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ዝቅተኛ የልብ ስጋት፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ተብሎ ይነበባል። ከ10 በላይ ከመጣ ስለ ልብ አታስቡ። ጉንፋን፣ የጥርስ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ነገር ፈልጉ። ከተሻላችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚታመን ቁጥርም አይደለም። በ2 ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

አሁን ርዕሱ ደም ሆኖ ሳለ ስለ ሽንት ልናገር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። በሽንት ውስጥ ያለ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ከክሬአቲኒን ጋር ሲነጻጸር በርካሽ ከሚገኙ የኢንዶቴሊየም ምስክሮች አንዱ ነው። የኩላሊት ማጣሪያ የጥቃቅን ደም ሥሮች ጥቅል ነው። እዚያ ማፍሰስ ከጀመረ ሌላም ቦታ ያሉት ጥቃቅን ደም ሥሮች መፈተሽ አለባቸው። በአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ይደገም። ከ3 ናሙና በ2ቱ ከታየ ብቻ ይታመናል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል። ከባድ ስፖርት በሠራችሁ ማግስት፣ ትኩሳት ሲኖር ወይም በወር አበባ ጊዜ አትስጡ።

ደረጃ 5፦ ልዩዎቹን ጠቋሚዎች አንድ በአንድ እወቋቸው

ዘገምተኛ የልብ ፍሰት ባለባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። በተደጋጋሚ የታየው ናይትሪክ ኦክሳይድ ቀንሶ፣ የሚቃወሙት ጨምረው ነው። ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው ጥቂት ሰው የያዙ ናቸው። የታመሙት አማካይ ከጤነኞቹ አማካይ ይበልጣል ማለት የእናንተ አንድ ቁጥር ይናገራል ማለት አይደለም። የሁለቱ ወገኖች ቁጥሮች ይደራረባሉ።

ኤዲኤምኤ። ሙሉ ስሙ አሲሜትሪክ ዳይሜቲልአርጊኒን ነው። ሰውነት ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሠራው አርጊኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ኤዲኤምኤ አርጊኒንን ይመስላል፣ የሥራ ቦታውን ይይዝበታል፣ ግን ምንም አይሠራም። ወንበር ይዞ የተቀመጠ ሥራ ፈት በሉት። ስለዚህ ሲበዛ ጋዙ ያንሳል። ለጉዳያችን ቅርብ ነው ብዬ የማስበው እሱን ነው። ችግሩ ኩላሊት ሲደክምም ይከማቻል። ክሬአቲኒን ሳይታይ ኤዲኤምኤን ማንበብ ያሳስታል። በጤነኛና በሕመምተኛ መካከል ያለው ልዩነትም ጠባብ ነው። ትንሽ የመለኪያ ስህተት ሁሉን ይገለብጠዋል።

ኢንዶቴሊን 1። በ1988 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘ፣ ደም ሥርን በኃይል የሚያኮማትር ፕሮቲን ነው። ስሙ ሲሰማ ዋናው ጠቋሚ መሆን ያለበት ይመስላል። ግን አንድ ተንኮል አለው። ሴሉ አብዛኛውን የሚለቀው ወደ ደም ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጡንቻው በኩል ነው። ደም ውስጥ የሚገኘው ትርፍራፊው ነው። እሱንም ሳንባ ቶሎ ይጠርገዋል። ስለዚህ የደም ቁጥሩ ደህና ሆኖ ደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። «ደህና ነው» የሚል ውጤት አያጽናና።

ቮን ቪሌብራንድ ፋክተር። ኢንዶቴሊየም በከረጢት አከማችቶ የያዘው፣ ሲቆጣ ወይም ሲጎዳ የሚለቀው የደም ማርጊያ ፕሮቲን ነው። ብዙ ላቦራቶሪ ሊሠራው ይችላል፤ የደም መፍሰስ በሽታን ለመለየት ይጠቀሙበታልና። ስታነቡት የደም ዓይነታችሁን አስቡ። የኦ ዓይነት ሰዎች ከሌላው ወደ ሩብ ያህል ዝቅ ያለ መጠን አላቸው። እርግዝና፣ ኢንፌክሽን፣ ድንጋጤ፣ ሩጫ ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። መርፌ የሚፈራ ሰው ሲቀዳ ብቻ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል።

የማጣበቂያ ሞለኪውሎች። አይካም፣ ቪካም እና ሴሌክቲን የሚባሉት ናቸው። የተቆጣ ኢንዶቴሊየም ነጭ የደም ሴሎችን ለመያዝ እንደ መንጠቆ ያወጣቸዋል። የተሰበሩ ቁርጥራጮቻቸው ደም ውስጥ ይገኛሉ። ከነዚህ ኢ ሴሌክቲን ከኢንዶቴሊየም ብቻ ስለሚመጣ ንጹህ ምስክር ነው። አይካም ከነጭ የደም ሴሎችም ይመጣል። ፒ ሴሌክቲን ደግሞ ደም ከሚያረጉት ጥቃቅን የደም ሴሎች፣ ከፕሌትሌትም ይመጣል። ደሙ ቲዩብ ውስጥ ከረጋ ፕሌትሌቶቹ ራሳቸው ይለቁትና ቁጥሩ ይቆለላል።

ሆሞሲስቴይን። በየላቦራቶሪው ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ ይታዘዛል። ከ5 እስከ 15 ማይክሮ ሞል በሊትር የተለመደው ልክ ነው። ከፍ ሲል ኢንዶቴሊየምን ይጎዳል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት ነው። እጥረቱ ካለ መታከሙ ተገቢ ነው፣ ለነርቭም ለደምም። ነገር ግን «ሆሞሲስቴይኑን በቫይታሚን ካወረድኩ ልቤ ይድናል» የሚለው ሐሳብ በ2006 በወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተፈትኗል። ቁጥሩ ወረደ፣ የልብ ድንገተኛ ሕመምና የልብ ሞት ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ናይትሬትና ናይትራይት። የጋዙ ዝቃጭ ናቸው። ቅጠላ ቅጠልና ቀይ ሥር የበላ ሰው ናይትሬቱ ይጨምራል። የምግብ ቁጥጥር ሳይደረግ ከተለካ ውጤቱ የምሳችሁ ታሪክ ነው። ከኢንዶቴሊየም የሚፈነጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶችና ከአጥንት መቅኔ የሚመጡ ጠጋኝ ሴሎችም ይለካሉ። እነሱን ለምርምር ቤት እንተውላቸው።

ደረጃ 6፦ ናሙናው እንዳይበላሽ ተዘጋጁ

ልዩ ጠቋሚ የሚሠራላችሁ ከሆነ ግማሹ ሥራ ከመርፌው በፊት ነው። ጠዋት ባዶ ሆድ ሂዱ። በማለዳው አታጭሱ፣ ቡና አትጠጡ። ከባድ ስፖርት ከቀደመው ቀን ጀምሮ ይቅር። ጉንፋን ካለባችሁ ቀጠሮውን አዛውሩ። ሲደርሱ ወዲያው መቀዳት ሳይሆን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማረፍ።

ለጸጉርና ለጥፍር ብላችሁ የምትወስዱት ባዮቲን ካለ ተናገሩ። በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ያሳስታል፣ ትሮፖኒንን ሳይቀር። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን ለምርመራ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።

ከዚያ ቲዩቡ። ቮን ቪሌብራንድ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት ባለበት ቲዩብ ይቀዳል፣ እስከ ምልክቱ ድረስ መሞላት አለበት። ጎደሎ ከሆነ ሲትሬቱ ያቀጥነዋል። ሆሞሲስቴይን ደግሞ በረዶ ላይ ተቀምጦ ቶሎ ሴንትሪፉጅ መደረግ፣ ማለትም በማሽን ተሽከርክሮ ፈሳሹ ከሴሎቹ መለየት አለበት። ጠረጴዛ ላይ ከተረሳ ቀይ የደም ሴሎች መልቀቃቸውን ስለማያቆሙ በየሰዓቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት የተለየ ናሙና ሕመም የሌለበትን ሰው ሕመምተኛ ያደርጋል። «መቼ ተለየ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን በአንድ ላይ አንብቡ

አንድ ጠቋሚ ለብቻው ከፍ ቢል ምንም አትወስኑ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሌላ ምክንያት አለው? ኩላሊት፣ ኢንፌክሽን፣ እርግዝና፣ መድኃኒት። ሌሎቹ ምልክቶች አብረውት ቆመዋል? ከሕመሙ ጋር ይገጥማል?

በምሳሌ እንየው። ያቺ የ50 ዓመት ሴት ሲአርፒዋ ሁለት ጊዜ ተለክቶ 4 ሆነ። የሽንት አልቡሚኗ 60 ነው። ሄሞግሎቢን ኤዋንሲዋ 6.1። የፍሬም ቆጠራዋ 34። ክሬአቲኒኗ ደህና ነው። እዚህ ኤዲኤምኤ ባይሠራም ታሪኩ ራሱን ተናግሯል። ሁሉም ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ ቀስረዋል። በሌላ በኩል ሆሞሲስቴይኑ 19 ሆኖ ቢ12ቱ የወረደ፣ ሌላው ሁሉ ደህና የሆነ፣ ሕመሙም ሲተኛ እንጂ ሲሠራ የማይመጣ ሰው አለ። የእሱ ቢ12 ይታከም። የደረቱን ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ምናልባት ጨጓራ፣ ምናልባት በእረፍት ጊዜ የሚመጣ የደም ሥር ቁርጠት።

የሁለት ላቦራቶሪ ውጤት አታነጻጽሩ። ለነዚህ ጠቋሚዎች በየቦታው አንድ ዓይነት መለኪያ የለም። ኪቱ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል።

ደረጃ 8፦ ከውጤቱ በኋላ

ኤዲኤምኤ አርጊኒንን ስለሚያግድ «አርጊኒን በክኒን ልዋጥ» የሚል ሰው ብዙ ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። የልብ ድንገተኛ ሕመም በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2006 የታተመ ጥናት ግን ጥቅም አላገኘበትም። አርጊኒን ከወሰዱት መካከል ሞት በመታየቱም ጥናቱ ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። በራሳችሁ አትጀምሩት።

ኢንዶቴሊየም የሚያገግመው ማጨስ ሲቆም፣ ግፊትና ስኳር ሲስተካከል፣ በየጊዜው ሲንቀሳቀሱ ነው። ከመድኃኒት ኮሌስትሮል የሚያወርደው ስታቲንና እንደ ኤናላፕሪል ያሉት የግፊት መድኃኒቶች የሽፋኑን ሥራ ያሻሽላሉ። ለሕመሙ ራሱ የሚሰጡት ይለያያሉ። የችግሩ ዓይነት ቁርጠት ከሆነ አንድ፣ የጥቃቅን ደም ሥር አለመከፈት ከሆነ ሌላ። ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን በትልልቆቹ ደም ሥሮች ላይ ስለሚበረታ፣ ጥቃቅኖቹ በታመሙበት ሰው ላይ የሚጠበቀውን ያህል ላይሠራ ይችላል። ያ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም።

ወደ ሐኪም ስትመለሱ ውጤቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ያዙ። ከጎናቸው በዚያ ሰሞን ጉንፋን ወይም አዲስ መድኃኒት እንደነበረ ጻፉ። እና እነዚህን ጠይቁ፦ የፍሬም ቆጠራ ተሠርቷል? የፍሰት ክምችት መለካት ይቻላል? አሴቲልኮሊን የሚሰጥበት ማዕከል የት አለ? ተራዎቹ ምርመራዎች ሕክምናው ከተጀመረ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ይደገሙ። ልዩዎቹን ከመድገማችሁ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ቁጥሩ ቢወርድ ወይም ቢወጣ የምትቀይርልኝ መድኃኒት አለ?» የለም ካለ አታሠሩት።